በፍልሰታ ጾም ከአቢስኮ እስከ ኒካሉክታ በእግር፦ አንድ ጥያቄና 31 መልስ

ይህን የኢንተርኔት መድረክ የውይይት ክር የከፈትሁት ሰኔ አጋማሽ ላይ ነበር። ኋላ የሚመጣ አንባቢ ሁሉንም ከማገላበጥ እንዲድን፣ የጠየቅሁትንና የተመለሰልኝን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በራሴ አገላለጽ እተርከዋለሁ።

የመጀመሪያው ጽሑፌ ፍሬ ነገር ይህ ነው። አራት ሰዎች ሆነን በሰሜን ስዊድን ከአቢስኮ ተነሥተን፣ አገሬው ኩንግስሌደን ማለትም የንጉሥ መንገድ በሚለው የተራራ መንገድ፣ እስከ ኒካሉክታ በእግር ለመሄድ አስበናል። ርቀቱ 105 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ሰባት ቀን መድበንለታል፤ የምናድረውም በመንገዱ ላይ ባሉት የማረፊያ ቤቶች ሳይሆን በድንኳን፣ በመሸበት ቦታ ነው። ጉዞው ከኦገስት 14 እስከ 20፣ በእኛ አቆጣጠር ከነሐሴ 8 እስከ 14 ይውላል፤ ይኸውም በፍልሰታ ጾም እኩሌታ ማለት ነው። እኔ፣ የሥራ ባልደረባዬና የባለቤቴ ወንድም ከፍስክ ምግብ እንከለከላለን እንጂ ሰዓት አንጠብቅም። አራተኛው ተጓዥ የባለቤቴ አጎት ናቸው። ዕድሜያቸው 61 ነው፤ ጋሼ እንላቸዋለን፤ በፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም በአፋቸው አይዞርም። እግረ ጠንካራ መሆናቸውን አልጠራጠርም፤ በየቅዳሜው ከእኔ ጋር ጫካ ሲገቡ ወደ ኋላ የምቀረው እኔ ነኝ። ጥያቄዬ ሁለት ነበር፦ ለሰባት ቀን የሚበቃ፣ ቀላልና ጾም የሆነ ስንቅ እንዴት ይሰናዳል? ጭነት ተሸክሞ በቀን 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄድ ሰውስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ መዋል ይችላል ወይ? ቀኑን ለውጡ የሚል እንዳይመጣ፣ የአራታችን ዕረፍት የተገጣጠመው በዚያ ሳምንት ብቻ መሆኑንም ጨምሬ ነበር።

1ኛው መልስ ከኡፕሳላ የመጣ ሲሆን እጅግ ትሑት ነበር። ጸሐፊው እንኳን አሰባችሁት ብለው ከጀመሩ በኋላ፣ ስለ ጾሙ ከማሰባችን አስቀድሞ ሻንጣችንን በሚዛን ላይ እንድናስቀምጥ መከሩ፤ የጀርባ ጭነት ከተሸካሚው ክብደት አንድ አምስተኛ ባያልፍ ይመረጣል የሚለውን የተለመደ ልክም ነገሩን። የእኔ ሲመዘን 23 ኪሎ ሆኖ ስለ ተገኘ ለጊዜው ዝም አልሁ።

2ኛው መልስ እስከ ዛሬ ያስቀኛል። በጽሑፌ መግቢያ ላይ በዚህ ክረምት ልንሄድ አስበናል ብዬ ነበርና፣ ጸሐፊው ክረምቱን በረዶ የሚወርድበት የስዊድን ክረምት አድርገው ተረድተውት ስለ ስኪና ስለ በረዶ ናዳ ሁለት አንቀጽ ሙሉ አስጠነቀቁን። 3ኛው መላሽ ነገሩን በጨዋ ቋንቋ አስተካከሉት፤ ለአዲስ አበባ ልጅ ነሐሴ ክረምት ነው፣ በስዊድን ለኖረ ግን በጋ ነው፤ አንዱ ቃል ሁለት አገር ይኖራል አሉ። ከዚያም በክሩ ውስጥ ካነበብሁት ሁሉ ጠቃሚ የሆነውን የመንገድ ክፍፍል ሰጡን። ከአቢስኮ እስከ አቢስኮያውሬ 15 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ እስከ አሌስያውሬ 20፣ እስከ ቼክቻ 13፣ እስከ ሴልካ 12፣ እስከ ሲንጊ 12፣ እስከ ኬብኔካይሴ የተራራ ማረፊያ 14፣ ከዚያ እስከ ኒካሉክታ 19 ነው። በአቢስኮያውሬ፣ በአሌስያውሬና በሴልካ አነስተኛ ሱቆች አሉ፤ በቼክቻና በሲንጊ ግን የሉም። ስለዚህ የሰባት ቀን ስንቅ ሙሉውን መሸከም ግዴታ አይደለም፤ ሆኖም ከሱቁ መደርደሪያ ጾም የሆነውን ለይቶ ማግኘት የዕድል ነገር ስለ ሆነ ዋናው ከቤት ይያዝ ሲሉ ደመደሙ።

4ኛው መላሽ ከጽሑፌ አንድ ሐረግ ነቅሰው አወጡ። በመሸበት ቦታ እናድራለን ያልሁት በመጀመሪያው ቀን እንደማይሠራ ጻፉ፤ መንገዱ የሚጀምረው በ1909 እ.ኤ.አ. በተከለለው በአቢስኮ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ስለ ሆነ፣ እዚያ ድንኳን የሚተከለው በተፈቀዱት ቦታዎች ብቻ ነው። እርማቱ ትክክል ነበር፤ አመሰገንሁ። 5ኛው መልስ ይህን አጽንቶ፣ ከፓርኩ ሲወጣ የሚያገለግለውን አልማንስሬተን የተባለውን የሁሉም ሰው መብት አብራራ። መብቱ በአገሪቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ በ1994 እ.ኤ.አ. የሰፈረ ሲሆን፣ ማንም ሰው በሌላ ሰው መሬት ላይ በእግር እንዲያልፍ፣ ከመኖሪያ ቤት ርቆ ለአንድ ሌሊት ወይም ለሁለት ድንኳን እንዲተክል ያስችላል። በምትኩ የሚጠየቀው ባለቤቱን አለማወክና ምንም አለማበላሸት ነው። እኚሁ ሰው በጨረፍታ ያነሡት አንድ ነገር ኋላ ለእኛ ዋናው ሆነ፤ በማረፊያ ቤት የሚያድር ሰው ዛሬ እዚያ መድረስ አለበት፣ ድንኳን የያዘ ግን የደከመበትን ሰዓት ማደሪያው ያደርጋል።

6ኛው መልስ ከጎተንበርግ ሲሆን ጨዋታ ነው። ጸሐፊው በመጀመሪያ ጉዞአቸው የሸክላ ጀበና፣ የብረት ምጣድና ሙሉ የሲኒ ረከቦት ይዘው እንደ ሄዱ፣ ጀበናው በሁለተኛው ቀን ድንጋይ ላይ ሲያርፍ አንገቱ እንደ ተቀነጠሰ፣ የቀረውን ሆዱን ግን እስከ መጨረሻው ውሃ እያፈሉበት እንደ ጨረሱ ተረኩ። ከዚህ በኋላ 7ኛው፣ 8ኛውና 9ኛው መልስ ወደ ቡና ሄዱ። የተቆላና የተወቀጠ ቡና ይያዝ ወይስ ጥሬውን እዚያው መቁላት፣ ጭሱ ከሌለ ቡና ነው ወይ፣ ጀበናው ብረት ቢሆን ጣዕሙ ይለወጣል ወይ የሚለው ክርክር ሁለት ቀን ወሰደ። ከዚያ ሁሉ ለእኛ የጠቀመን፣ ከገብስ ቆሎ ጋር የሚጠጣ አንድ ሲኒ ቡና ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እንደ ምሳ እንደሚቆጠር የጻፉት የ9ኛዋ እናት ሐሳብ ብቻ ነው።

በ10ኛው መልስ ላይ የክሩ አየር ተለወጠ። ጸሐፊው የ61 ዓመት ሰውን ባዶ ሆድ ተራራ ማስወጣት ኃላፊነት የጎደለው ሥራ ነው ሲሉ፣ እኔን በግልጽ ወቀሱ። እስካሁን ሁሉም አንተ ሲለኝ እኚህ ሰው እርስዎ ማለታቸው ለአክብሮት እንዳልነበረ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። 11ኛው መልስ ደግሞ በ10ኛው ላይ ተነሣ፤ የሰውን ጾም መዳኘት የማን ሥልጣን ነው፣ አባቶቻችን ስንቱን ተራራ በጾም ወጥተውት የለም ወይ፣ የሚል ቁጣ ነበር። እኔ ሁለቱንም ሳነብ፣ አንዳቸውም ጋሼን ራሳቸውን ጠይቃችኋል ወይ ብለው አለመጠየቃቸው አስገረመኝ፤ እኔም አለመጠየቄን ግን በዚያን ጊዜ ልብ አላልሁትም።

12ኛው መላሽ ከቨርጂኒያ ነበሩ። የእኛው ሰሜን ተራራ እያለ ገንዘብን በስዊድን ማፍሰስ ምን ይሉታል አሉ። 13ኛው መላሽ በደባርቅ በኩል ሰሜን ተራሮችን የተጓዙ በመሆናቸው ነገሩን በዕውቀት መለሱት። እዚያ በእግር የሚሄድ ሰው ጠመንጃ የያዘ የፓርክ ጠባቂ ይመደብለታል፣ ጭነቱ በበቅሎ ይሄዳል፣ ማደሪያውም እንደ ሳንቃበርና ግጭ ያሉ የታወቁ ሰፈሮች ናቸው፤ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ በነሐሴ ደግሞ ዝናቡና ጉሙ ገደሉን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ሁለቱ ጉዞዎች አይወዳደሩም፤ ሰሜን ተራራን በጥቅምት ሂዱበት ብለው ዘጉት። እኔ ይህን መልስ ሳነብ የተሰማኝ ቅናት ነው፤ በቅሎ ቢኖረን 23ቱ ኪሎ ባላሳሰበኝ ነበር።

14ኛው መልስ የክሩ ማዕከል ነው። ጸሐፊዋ በሰሜን ስዊድን የሚኖሩ ነርስ ሲሆኑ፣ 10ኛውንና 11ኛውን ለማስታረቅ አልሞከሩም፤ እንደ ሥራቸው ጻፉ። አደጋው ረኃቡ ራሱ እንዳልሆነ፣ ጤነኛ ሰው ሳይበላ ግማሽ ቀን መሄድ እንደሚችል፣ አስጊው ግን ረኃብ፣ ጥማት፣ እርጥበትና ነፋስ በአንድ ሰዓት የተገናኙ እንደ ሆነ መሆኑን አስረዱ። ሙቀት የሚመጣው ከሚቃጠል ምግብ ነው፤ ባዶ ሰው ሲረጥብ ቶሎ ይበርዳል፤ የበረደው ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚያጣው ማስተዋሉን ስለ ሆነ፣ ደኅና ነኝ የሚለው ቃሉ አይታመንም። ምልክቶቹን ሲዘረዝሩ፣ እጅ ትንንሽ ሥራ እምቢ ሲል፣ ንግግር ሲጎተት፣ ሰውየው ዝም ሲል አሉ። ቀጥለውም የቀኑን ሥርዓት ሠሩልን። በነሐሴ አጋማሽ እዚያ ብርሃኑ እስከ ምሽት ሦስት ሰዓት ስለሚቆይ፣ ጥዋት የማታው ምግብ ጉልበት ሳያልቅ አጭር መንገድ ሂዱ፤ ከዚያ ድንኳን ተክላችሁ ዕረፉ፤ በዘጠኝ ሰዓት ብሉና ጠጡ፤ ዋናውን መንገድ ከምግብ በኋላ ሂዱት። ይህ የሚቻለው ማደሪያችሁን በጀርባችሁ ስለያዛችሁ ነው በማለት የ5ኛውን መልስ አስታወሱ። በመጨረሻም ጾሙን ስለ ማቅለል የሚያውቀው የንስሐ አባታቸው እንጂ የኢንተርኔት ሰው አይደለም ሲሉ ለ11ኛው መላሽ በአንድ ዐረፍተ ነገር መለሱ።

15ኛው መልስ ፈገግ ያሰኛል። ጸሐፊው ፀሐይ ለአጭር ጊዜ ብቻ በምትጠልቅበት አገር ዘጠኝ ሰዓት የሚባለው የትኛው ነው ሲሉ ጠየቁ፤ ከፀሐይ መውጫ ቢቆጠር ጾሙ እጅግ ቀደም ብሎ ይፈታ ነበር፤ በአዲስ አበባ ሰዓት ቢሆን ደግሞ ስዊድን በበጋ ከኢትዮጵያ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቀር አንድ ሰዓት ይተርፋል። ጥያቄውን ለጋሼ አቀረብሁላቸው። እጃቸው ላይ ያለው ሰዓት የሚለውን እንደሚከተሉ፣ አንድ ሰዓት ለመስረቅ ሲሉም አዲስ አበባን እንደማይጠሩ ነገሩኝ።

16ኛው መልስ የመጀመሪያ ጥያቄዬን ሙሉ በሙሉ መለሰልኝ፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። ጸሐፊዋ የስንቅን ነገር ከእናታቸው እንደ ተማሩት ያስታውቃል። የበሶ ዱቄት ለአንድ ሰው ሁለት ኪሎ፤ ገብሱ በደንብ የተቆላና የላመ ይሁን፤ ለመጠጥ በውሃ፣ በጨውና በስኳር ይበጥበጥ፣ ለመብል ጥቂት ዘይት ጠብ ተደርጎበት ጭብጦ ይሁን። ምግብ ሳይበስል፣ ጋዝ ሳይነድ፣ ጓንት እንኳ ሳይወልቅ የሚበላ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም አሉ። ለማታ ድርቆሽ ይያዝ፤ እንጀራው በፀሐይ ወይም በምድጃ ውስጥ ኩርሽም እስኪል ደርቆ ተሰባብሮ በጨርቅ ከረጢት ይግባ። ምጥን ሽሮው ቅመሙ፣ ጨውና የተጠበሰው ደረቅ ሽንኩርት አስቀድሞ ተቀላቅሎበት በየቀኑ መጠን በላስቲክ ይታሰር፤ ሲንተከተክ ድርቆሹ ይጨመርበትና ክዳን ተደርጎበት ከእሳት ይውረድ፤ በራሱ ሙቀት ይርሳል፣ ጋዝም ይተርፋል። ዳቦ ቆሎና ሱፍ በኪስ፣ የተልባ ዱቄት ለጥዋት ሆድ። ጭኮ እንዳንይዝ ያስጠነቀቁት ቅቤ ስላለበት ነው። በዚህ ዝርዝር መሠረት ምግባችን ለአንድ ሰው በቀን 700 ግራም ያህል ሆነ፤ የጋዝ ቆርቆሮ ሁለት ባለ 450 ግራም ያዝን። በባቡር ስለምንሄድ እንጂ በአውሮፕላን ቢሆን ጋዙን ይዞ መሳፈር ክልክል ነው፤ ይህን ያስታወሱን እኚሁ እናት ናቸው።

17ኛው መላሽ ጋቢ ሳይዙ መሄድ ሞኝነት ነው አሉ፤ ለራስም፣ ለጸሎትም፣ ለብርድም ይሆናል። 18ኛው መላሽ ወዲያው ተቃወሙ፦ ጋቢ ጥጥ ነው፤ ጥጥ ውሃ ይጠጣል፤ የረጠበ ጋቢ ለሁለት ሰው የሚጨመቅ ጭነት እንጂ ልብስ አይደለም፤ ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይያዝ። በዚህ ላይ ከአምስት በላይ አጫጭር ምልልሶች እየተጨመሩ ስለ ነበር፣ ቁጥር ሳይሰጣቸው በሥሩ ተሰብስበዋል፤ ብዙዎቹ ስለ ጋቢ ክብር እንጂ ስለ ውሃ አልነበሩም።

19ኛው መልስ ስለ ትንኝ ነው። ጁላይ የከፋ እንደ ሆነ፣ በኦገስት አጋማሽ እየቀነሰ እንደሚሄድ፣ ነፋስ በሚነፍስበት ቦታ ድንኳን መትከል ከማንኛውም ቅባት እንደሚበልጥ ይናገራል።

20ኛው መላሽ ነሐሴ 13 ቡሄ በመንገድ ላይ ስለሚያገኘን ችቦ እንድናበራ፣ ሆያ ሆዬ እያልን ቪዲዮ እንድንቀርጽ ሐሳብ አቀረቡ። በ21ኛው መልስ ላይ የደረሰባቸው ቁጣ ለ10ኛው እንኳ አልተደረገም። ጸሐፊው በተራራው ላይ ዛፍ የሚባለው ቁመተ አጭር በርች ብቻ እንደ ሆነ፣ ከዛፍ ክልል በላይ ጭራሹን እንጨት እንደሌለ፣ በደረቅ ወቅት የእሳት ክልከላ እንደሚታወጅ፣ የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት ሳሚዎች የሚያረቡት ሬንዲር የተባለ የቀዝቃዛ አገር አጋዘን መንጋ የሚግጠው መሬት ተቃጥሎ ቶሎ እንደማይተካ ዘረዘሩ። የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው፤ ሰውየውን አላዋቂ ማለታቸው ግን አያስፈልግም ነበር። 22ኛው የመድረኩ ተቆጣጣሪ ማሳሰቢያ ነው። 23ኛው መልስ ከ21ኛው ተነሥቶ፣ በዚያ የሚታየው ሬንዲር ሁሉ ባለቤት ያለው እንጂ የዱር እንዳልሆነ፣ መንጋ ሲያልፍ ቆሞ መጠበቅ እንደሚገባ በለዘበ ቋንቋ ጨመረ። በዚያ ሰሞን በዚሁ መንገድ የሚካሄደው ፊዬልሬቨን ክላሲክ የተባለ የብዙ ሰዎች የእግር ጉዞ ስላለ ቀኑን እንድናጣራም አሳሰበን፤ አጣራን፣ አልገጠመንም።

24ኛው መላሽ ስለ ዕቃም ስለ ጾምም አንድ ቃል አልጻፉም። የጻፉት ስለ አብሮ መሄድ ነው። ዘገምተኛው ከፊት ይሁን፣ ማንም ከማንም ዓይን አይጥፋ፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል አሉ። የማይታወቀው ግን፣ ይብቃ፣ እንመለስ የሚለውን ቃል የሚናገረው ማን እንደ ሆነ ከቤት ሳይወጡ መወሰኑ ነው። እኛ ሐበሾች ተራራ ላይ ከብርድ ይልቅ የምንፈራው ይሉኝታን ነው፤ ታናሽ ታላቁን ይብሉ አይልም፣ ታላቅ በታናሹ ፊት ደከመኝ አይልም፤ ስለዚህ ሁለቱም ዝም ብለው ወደ ላይ ይወጣሉ። ይህን መልስ ሳነብ ራሴን ነቀነቅሁና ወደሚቀጥለው አለፍሁ። 25ኛውና 26ኛው የመልካም መንገድ ምኞት ነበሩ።

27ኛው የእኔው ነው፤ ከተመለስን በሳምንቱ የጻፍሁት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ልክ እንደ 14ኛው መልስ ሥርዓት ሄዱ። ጥዋት ስድስት ሰባት ኪሎ ሜትር እንሄዳለን፤ ጋሼ በድንኳናቸው ውዳሴ ማርያማቸውን ይደግማሉ፤ በዘጠኝ ሰዓት በሶው ይበጠበጣል፣ ሽሮው ይንተከተካል፤ ከዚያ እስከ ምሽት ሁለት ሰዓት እንጓዛለን። ከአሌስያውሬ ሐይቅ አልፈን ያደርንበት ሌሊት ሰማዩ ጥርት ብሎ ስለ ነበር፣ በማግሥቱ የመንገዱን ከፍተኛ ቦታ፣ 1,150 ሜትር ገደማ የሆነውን የቼክቻን በር፣ በጥዋት ለመሻገር ተስማማን። ሥርዓቱን ያፈረስነው እዚህ ላይ ነው። እስከ ቼክቻ ማረፊያ ቤት ሄደን ከማረፍ ፈንታ፣ አየሩ ሳይበላሽ እንለፍ ብለን ቀጠልን።

አየሩ ተበላሸ። ዝናቡ ከነፋስ ጋር ከፊት መጣ፤ መንገዱ ድንጋይ በድንጋይ ሆነ፤ እኔና ባልደረባዬ ስንቆም ስለ በረደን፣ በበሩ አናት ላይ ባለችው የነፋስ መጠለያ ጎጆ እንጠብቃቸው ተባብለን ቀደምን። ጋሼና የባለቤቴ ወንድም የደረሱት ከእኛ አርባ ደቂቃ ዘግይተው ነው። ጋሼ ጋቢያቸውን ከዝናብ ልብሱ ሥር ደርበውት ነበርና ጫፉ እየተንጠባጠበ ገቡ። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው የሻንጣቸውን የደረት ማሰሪያ ለመፍታት ሞከሩ። ሁለቱን የላስቲክ ጥርሶች በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይጫኑታል፣ ጣቶቹ ይንሸራተታሉ፣ እንደገና ይጫኑታል። አምስት ጊዜ ያህል አየሁ። እጅ ትንንሽ ሥራ እምቢ ሲል የሚለው የነርሷ ቃል ያን ጊዜ ነው የመጣልኝ። ሰዓቱ ከጥዋቱ አምስት ነበር፤ ከማታ ጀምሮ ምንም አልቀመሱም። ደኅና ነዎት ወይ ስላቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን አሉኝ፤ ቃሉ ግን ተጎትቶ ወጣ።

ሦስት ጎልማሶች ቆመን አንዳችን ለአንዳችን ተያየን። ይብሉ የሚል ጠፋ። የባለቤቴ ወንድም ማሰሪያውን ፈትቶ እርጥቡን ጋቢ ገፎ በመኝታ ከረጢት ጠቀለላቸው፤ ባልደረባዬ ምድጃውን ለኮሰ። እኔ በሶውን በሞቀ ውሃና በብዙ ስኳር በጠበጥሁና አንድም ቃል ሳልናገር ኩባያውን ከአጠገባቸው አግዳሚው ላይ አኖርሁት። ኩባያውን አዩት፤ እኔን አዩኝ፤ ረዘም ያለ ጊዜ ነበር። ከዚያ አማተቡና በሁለት እጃቸው ይዘው ጠጡት። ሁለተኛውን እሳቸው ራሳቸው ጠየቁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ መንቀጥቀጡ ተዋቸው፤ ዝናቡ ሲያባራ ወደ ቼክቻ ሸለቆ ወርደን የመጀመሪያው ደረቅ መሬት ላይ ድንኳን ተከልን። በዚያን ቀን የሄድነው ከዕቅዳችን ግማሽ አይሞላም፤ ለዚህ ነው ድንኳን መያዝ ደግ የሆነው።

የነገሩኝ ማታ፣ ሽሮው እየበረደ ሳለ ነው። ከመነሣታችን በፊት የንስሐ አባታቸውን አማክረው ኖሯል፤ እሳቸውም መንገደኛ ነዎትና ውሃ እንኳ ቢሆን ከቸገረዎት ይቅመሱ ብለው ፈቅደውላቸዋል። ለምን አልነገሩንም ስላቸው፣ ከሦስት ልጆች ጋር ወጥቼ የመጀመሪያው ደካማ እኔ ልሁን ወይ አሉኝ። እኔም ለምን ቀድሜ እንዳልጠየቅኋቸው ስላልጠየቁኝ አመሰግናቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ከፊት የሚሄዱት ጋሼ ሆኑ። ይብቃ የሚለውን ቃል ደግሞ፣ ከሁላችን ታናሽ ለሆነው ለባለቤቴ ወንድም ሰጠነው፤ ሲንጊ ላይ አንድ ጊዜ ተጠቅሞበታል፣ ማንም አልተከራከረውም። ቡሄን ያሳለፍነው በኬብኔካይሴ ግርጌ፣ ያለ ችቦ፣ ዳቦ ቆሎ እንደ ሙልሙል ተከፋፍለን ነው። ጋሼ ጅራፍ ስላልነበራቸው የድንኳኑን ገመድ አንድ ሁለት ጊዜ ቢያስጮሁት በአቅራቢያችን የሰፈሩ ጀርመኖች ራሳቸውን ከድንኳን አውጥተው ተመለከቱን።

28ኛው መልስ ከ10ኛው ጸሐፊ መጣ። ወቀሳቸውን አልመለሱም፤ ነገር ግን በዚህ ጊዜ አንተ አሉኝ። መቅደሜን እንጂ ጾሙን እንደማይወቅሱ ጻፉ፤ ተገቢ ነው። 29ኛው መላሽ፣ የጋቢው ተሟጋች፣ ጋቢው ከዝናብ ልብሱ በላይ ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ምን ይሆን ነበር ብለው ጠየቁ፤ 18ኛው መላሽ በሥሩ የመለሱትን አልደግመውም። 30ኛው ስንት ጋዝ እንደ ተረፈ ለማወቅ ፈለጉ፤ አንዱ ቆርቆሮ ሙሉ በሙሉ አልቆ ሁለተኛው ግማሽ ያህል ተርፏል፣ ለዚህም ምስጋናው የ16ኛዋ እናት የክዳን ዘዴ ነው።

31ኛውና የመጨረሻው ጥያቄ ጋሼ በሚቀጥለው ዓመት ይሄዳሉ ወይ የሚል ነበር። ትናንት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያቸውን አንሥተው የሐዋርያት ጾም ከሚፈታበት ከሐምሌ 5 እስከ ፍልሰታ መግቢያ ያሉትን ቀኖች በእርሳስ አክብበዋል፤ ረቡዕንና ዓርብን ለማረፊያ ቀን ለይተዋል። ያ ወር የ19ኛው መልስ የትንኝ ወር መሆኑን እስካሁን አልነገርኋቸውም።